ጭራዋን መንገድ ላይ የጣለችው አልማዝ

የኛ ሰው ለልጁ ስም ለማውጣት ከሚጨነቀው ይልቅ ለበሽታ ስም ለማውጣት የሚጨነቀው ይበልጣል ብል ማን ያምነኛል? ግን እውነት ነው። በአንድ ጎን ፊትን ወይም ወገብን ይዞ እንደ እሳት የሚለበልበውን፣ ውሃ እየቋጠረ ረጅም ጭራ የሚያበጀውን ያንን ሽፍታ "አልማዝ ባለጭራ" ብሎ የሰየመው ሰው ማን ይሆን? ወይ ባለቅኔ ነው፣ ወይ አልማዝ የምትባል ሴት ክፉኛ አስመርራዋለች። እኔ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። አልማዝ የተባላችሁ እህቶቼ ይቅር በሉኝ፤ ይህን የምለው በራሴ ላይ የደረሰውን ይዤ ነው።

እኔ ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር የተቀመጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወርቁ እባላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ፀሐይ ትባላለች። ስሟን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣ አለው። ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። ፀሐይ የእህቷ ልጅ ክርስትና ስለነበር ደብረ ሲና ወጥታለች። ወንድሟ ሰሎሞንም ለዚሁ ድግስ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ሰሎሞን አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ቁምነገረኛ ልጅ ነው። እኔ የደንበኛ ልብስ ተከምሮብኝ ቀረሁ። ደጋ ወጥቼ ቅዝቃዜ እየጠጣሁ ቁርጥ መብላት ሲገባኝ፣ ቆላ ቁጭ ብዬ በላብ እየታጠብኩ የሰው ሱሪ ስሰፋ ሕመሙ ያዘኝ።

መጀመሪያ የቀኝ ግንባሬን ወጋኝ፤ አተኮሰኝም። ሮቢት ውስጥ ያተኮሰው ሰው ምን ይባላል? ወባ! እኛ ዘንድ ሰው ከበቅሎ ቢወድቅም መጀመሪያ የሚሰጠው ክሎሮኪን ነው። እኔም ዋጥኩ። ጆሮዬ ጮኸ እንጂ ግንባሬ አልተሻለውም። በማግስቱ ግንባሬ ላይ ውሃ የቋጠሩ ፍንጣሪዎች ብቅ ብቅ ሲሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ገና ከበር አዩኝና ምርመራውን ጨረሱ። ዳማከሴያቸውን በመዳፋቸው እያሹ፣ "ወባ አይደለም፤ ምች ነው። ፀሐይ መታችህ!" አሉኝ።

ድምፃቸው ትንሽ ጎላ ይላል። ከግድግዳው ማዶ ያለው የሻይ ቤት ሰው ሁሉ ሰማ። ፀሐይ የምትባል ሚስት ያለው ሰው "ፀሐይ መታችው" ሲባል ምን ተብሎ እንደሚተረጎም እናንተው ታውቁታላችሁ። እኔ በዳማከሴ ጭማቂ ተለቅልቄ ተኝቼ ሳለሁ፣ "ምን አድርጓት ነው?" የሚለው ጥያቄ ከተማውን እየዞረ ነበር። ይህ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በኋላ ነው።

ዳማከሴውም አልሆነም። የቀኝ ዐይኔ ማበጥ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ሄድኩ። መርፌ ወጊውና ቁስል አጣቢው ድሬሰር ገና ሲያየኝ፣ "አልማዝ ባለጭራ ናት" አለኝ። ፔኒሲሊን ውጋኝና ልሂድ አልኩት። በዚያ ዘመን መርፌ ሳይወጉ ከጤና ጣቢያ መውጣት ሠርግ ቤት ገብቶ ሳይበሉ እንደመውጣት ነበር። እሱ ግን አይሆንም አለ። ይቺ ቫይረስ ናት፣ ፔኒሲሊን አይነካትም አለኝ። ከዚያ በልጅነትህ ሰውነትህን ሁሉ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ አውጥቶብህ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ከወንድሞቼ ጋር አብረን ታመን እናታችን በአንድ ሰሌን ላይ እንደተሰጣ ሽንብራ ደርድራ አስተኝታን ነበር አልኩት። ያኔ የዳንክ መሰለህ እንጂ አልወጣችም አለኝ፤ ነርቭህ ሥር ገብታ ተደብቃ ስትኖር ቆይታ፣ ሰውነትህ ሲደክም ጠብቃ ተነሳች። ከንፈር ላይ የሚወጣውና ምች የምንለውም የዚችው ዘመድ ነው አለ። እንግዲህ እትዬ ዘነበችም ጨርሰው አልተሳሳቱም፤ ዘመዷን ነው የጠሩት።

ይህን ስሰማ ገረመኝ። ሰው በገዛ ገላው ውስጥ ማን እንደሚኖር ሳያውቅ ይሸመግላል። ልጅነቴን ረስቼዋለሁ፤ ልጅነቴ ግን እኔን አልረሳኝም።

ድሬሰሩ የግንባሬን መሃል በጣቱ እያሳየ ይህቺን ድንበር አታልፍም፣ የምትሄድበት ነርቭ የአንድ ወገን ብቻ ነው አለኝ። የጎረቤት እርሻ ድንበር ገፍተው ለሚካሰሱ ሰዎች ምነው የሷን ጨዋነት በሰጣቸው አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ ግን አፍንጫዬን ጫፉ ላይ አየና ፊቱ ተለወጠ። አንዲት ፍንጣሪ እዚያ ወጥታለች። አፍንጫ ጫፍ ላይ ስትወጣ ወደ ዐይን እያሰበች ነው ማለት ነው አለኝ። ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የማስገባው በቀኝ ዐይኔ ነው፤ ግራው ድሮም ለሰላምታ ያህል እንጂ ለሥራ አይሆንም። ልብስ ሰፊ ዐይኑ ከጠፋ ምን ይሆናል? እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

መድኃኒት የለም ወይ አልኩት። አለ፣ አሳይክሎቪር የሚባል ቫይረሱን እንዳይራባ የሚያደርግ አዲስ መድኃኒት አለ፤ እዚህ ግን የለንም፣ ከተገኘም አዲስ አበባ ነው አለኝ። ደግሞ በቶሎ ካልተጀመረ ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል። ሰሎሞን ትዝ አለኝ። ሰሎሞን ነገ ከደብረ ሲና ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ዛሬ መልእክት ከደረሰው መድኃኒቱን ፈልጎ ይልክልኛል።

ከኮምቦልቻ ጭኖ የመጣ አንድ የኤንትሬ የጭነት መኪና ሾፌር ምሳ በልቶ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። ደንበኛዬ ነው፤ ጋሼ ታደሰ። እንዲህ ብዬ አስጠናሁት፦ "ለፀሐይ ንገራት፤ አልማዝ ባለጭራ ይዛኛለች፣ ዐይኔን ልታጠፋው ነው፣ ለሰሎሞን ነግራ በቶሎ መድኃኒት ትፈልግልኝ።" ጋሼ ታደሰ ቃል አክባሪ ሰው ነው። ነገር ግን ደብረ ሲና ሲደርስ ከተማው በጉም ተውጦ፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩንባ እየነፉበት ስለነበር መቆም አልቻለም። ዳቦ ለመሸጥ ወደ መስኮቱ የሮጠችውን ሴት የፀሐይን ቤተሰብ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ፣ አውቃለሁ ስትለው፣ መልእክቱን ከመስኮት ጮኾ ነገራት። የፍሬኑ ትንፋሽ ግማሹን ዋጠው። ከሁሉ በፊት የዋጠው ደግሞ "ባለጭራ" የሚለውን ቃል ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? ዳቦ ሻጯ የጎደለውን ከራሷ ሞላችበት።

ከፀሐይ ጆሮ የደረሰው ይህ ነው፦ "ባልሽን አልማዝ ይዛዋለች። ዐይኑን ጋርዳዋለች። መድኃኒት ሳታደርግበት አልቀረችም፤ ቶሎ ድረሺ።"

እስቲ ፍረዱ! አንድ ቃል እንኳ ውሸት አለበት?

መድኃኒት የሚለው ቃል እኮ ጉደኛ ነው። በሽተኛ ሲጠራው ክኒን ነው፤ ሚስት ስትሰማው መስተፋቅር ነው። ፀሐይ ነውሯን ለወንድሟ አልነገረችም። ሰሎሞን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጠላውን እየጠጣ፣ የኔን ዐይን የሚያድነው ሰው እዚያው እያለ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ አሳለፈችው። በማግስቱ እሱ ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ እሷ ወደ ቆላ ወረደች።

እኔ መድኃኒት ስጠብቅ ሌላ እንግዳ መጣብኝ። የቀበሌው ጥበቃ ነው። ለምን ከቀበሌው የውይይት ስብሰባ ቀረህ አለኝ። አልማዝ ይዛኝ ነው አልኩት፤ ዐይኔን እያመመኝ ስለነበር አላብራራሁም። ቤት ውስጥ እንግዳ ካደረ ማስመዝገብ ግዴታ መሆኑን አስታውሶኝ ሄደ። በዚያ ዘመን ቫይረስም ቢሆን ሳያስመዘግቡ ማሳደር ያስጠይቅ እንደሆነ እንጃ።

ማምሻውን በሬ ተከፈተ። እኔ ብርሃን ዐይኔን ስለሚወጋኝ የፀሐይን ነጠላ ተከናንቤ በጨለማ ክፍል ተኝቻለሁ። ሰሎሞን የላከው መድኃኒት የመጣ መስሎኝ ቀና አልኩ። የገቡት ግን ሽማግሌዎች ናቸው። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ማርያም የጠበል ጠርሙስ ይዘዋል። ከኋላቸው ጎረቤታችን ሐጂ ኢብራሂም አሉ፤ የዚያን ቀን ከማጀቴ ከተማ ገበያ ስለተመለሱ መታመሜን አልሰሙም። ፀሐይ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከመኪና ወርዳ ቤቷ ሳትገባ ነው ሰዎቹን የሰበሰበችው። መድኃኒት ስጠብቅ ሽምግልና ደረሰልኝ!

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በሽምግልና ወግ ዙሪያውን ጀመሩ። "ልጄ፣ ትዳር አማና ነው፣ አደራ ነው። ይችን አልማዝ የምትባለውን ልቀቃት" አሉኝ። እኔም ጠያቂ መስለውኝ፣ እኔማ በምን አቅሜ ሐጂ፣ እሷ ናት አልለቅ ያለችኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ አታስተኛኝም አልኳቸው። አባ አማተቡ። ሐጂ "ሱብሐነላህ!" አሉ። ለመሆኑ መቼ ነው የጀመረህ አሉኝ አባ በሐዘን። የተነሳችው በዚህ ሳምንት ነው፣ ያወቅኳት ግን በልጅነቴ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ተደብቃ አብራኝ ኖራለች አልኩ። ይሄኔ በሩ ላይ አንድ የታፈነ ለቅሶ ተሰማ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ማለትህ ነው አሉ ሐጂ። አዎ፣ ከትዳራችንም በፊት፣ ወንድሞቼንም ይዛ ነበር አልኩ።

አባ የጠበሉን ጠርሙስ ለመክፈት ተነሱ።

በመጨረሻ ፀሐይ ራሷ ዘላ ገባችና፣ "በነጠላዬ ተሸፍነህ ነው ደግሞ የምታወራው!" ብላ ነጠላዋን ከፊቴ ላይ ገፈፈችው። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ግንባሬን፣ ያበጠውን የዐይኔን ቆብ፣ የአፍንጫዬን ጫፍ አየች። ነጠላውን ይዛ ቆመች። ሐጂ ጎንበስ ብለው ተመለከቱኝና፣ "ወላሂ፣ ይቺማ ባለጭራዋ ናት!" አሉ። አባ ሳቃቸው መጣ፣ ዋጡት፣ እንደገና መጣ። ፀሐይ ግን አልሳቀችም። መድኃኒት ማለትህ ይሄ ነበር ወይ አለችኝ። ይሄ ነበር አልኳት። ሰሎሞን አጠገቤ ነበር እኮ፣ አጠገቤ ነበር እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው የኔን ዐይን እንዳይሆን ነበር የፈራችው። እኔም እሱኑ ፈርቼ ነበር፤ ግን ስታለቅስ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዐይኔ ይልቅ ለሷ አዘንኩ።

ውሃ እንኳ አልጠጣችም። ሐጂ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የሚያውቁት መኪና ላይ አሳፈሯትና በቁጣ የወረደችውን ዳገት በእንባ ወጣችው። ድሬሰሩም፣ መድኃኒቱ ዘግይቷል፣ ቢሆንም አዳዲስ ፍንጣሪ እየወጣ ስለሆነ ይምጣ፣ ከምንም ይሻላል አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እየጸለይኩ ጠበቅኩ። ፀሐይ በማግስቱ ተመለሰች፤ መድኃኒቱን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ዐይኗ ከኔ ዐይን ብሶ ቀልቶ። ሰሎሞን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩም። በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ለሰጪም ለተቀባይም ደግ አልነበረም።

የሚዋጠው በቀን አምስት ጊዜ ነው። ክኒን አምስት ጊዜ! ሰዓት አልነበረንም፤ እንዴት ላስታውስ ብዬ ስጨነቅ ሐጂ ሳቁብኝ። እኛስ በቀን አምስት ጊዜ መች እንረሳለን፤ አዛን በሰማህ ቁጥር ዋጥ አሉኝ። እንዲሁ አደረግኩ። ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ሐጂ እጅ እግራቸውን ታጥበው ውዱእ ያደርጋሉ፣ እኔ ክኒኔን እውጣለሁ፤ ፀሐይ ደግሞ ውሃውን ይዛ አጠገቤ ቆማ ታማትባለች። አንድ ዐይን ለማዳን ሁለት ሃይማኖትና አንድ ፋርማሲ ተረባረቡ።

ዐይኔ ተረፈ። ቅንድቤ ላይ ጠባሳዋን ትታ፣ አልፎ አልፎም በመርፌ እንደሚወጉት ግንባሬን ጠቅ እያደረገች ተመለሰች ወደ ጎሬዋ። ድሬሰሩ ሲሻለኝ ያለኝን ፀሐይ አጠገቤ ሆና ሰምታለች፤ መድኃኒቱ ያስተኛታል እንጂ አያስወጣትም፣ ዕድሜህን ሙሉ ውስጥህ ናት፣ ሰውነትህን ጠብቅ አለኝ። ያንን ምክር እኔ ረስቼዋለሁ። ፀሐይ ግን አልረሳችም። ከተማውም በበኩሉ "ፀሐይ የመታችው በአልማዝ ምክንያት ነው" ብሎ፣ "ምን አድርጓት ነው?" የሚለውን ጥያቄውን በራሱ መልስ ዘጋው።

ዛሬም አልማዝ የምትባል ደንበኛ ቀሚስ ልታሰፋ ስትመጣ ሜትሩን ከአንገቴ ላይ መዝዛ ልኬቱን የምትወስደው ፀሐይ ናት። አንድ ቀን ቢቸግረኝ፣ እስካሁን አታምኚኝም ወይ አልኳት። የሴትዮዋን ወገብ እየለካች፣ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችልኝ።

"አንተንማ አምንሃለሁ። ግን ያስተኛታል እንጂ አያስወጣትም ብሎ የለም?"