«መኪና የለም» ያለው ዌብሳይታችን

ኮምፒውተር ሰውን ብልህ ያደርጋል ያላችሁ ሰው ካለ እሱ ኮምፒውተር ሻጭ ነው! እኔ ዌብሳይት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ያተረፍኩት የዓይን መቅላትና የዘመድ ሐሜት ብቻ ነው።

እዚሁ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ክረምት ሲገባ ፈረንጅ ይጠፋል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ እኔም ያለ አስተማሪ ኮዲንግ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዌብሳይቴ ለአጎቴ ፔንሲዮን ነበር። የክፍሏ ፎቶ ገጹን ይሙላልኝ ብዬ ወደ ጎን ለጠጥኩት... ካንድ አልጋ ሌላ የማታስገባዋ ክፍል የሠርግ አዳራሽ አከለች! ያንን ያየ እንግዳ ከነቤተሰቡ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «የቀረውስ ክፍል?» አለ። አጎቴም «የቀረውን የእህቴን ልጅ ጠይቀው» ብሎ ወደኔ ሰደደው።

ይህ ሳይረሳ ሃካቶን መጣ። ወጣቶች ባንድ ቀን ዌብሳይት ሠርተው የሚፎካከሩበት ውድድር ነው፤ ሽልማቱ ላፕቶፕ! የእኔው ላፕቶፕ በድንጋይ ካልተደገፈ ክዳኑ ስለማይቆም ምራቄን ዋጥኩ። እናቴ ግን «ሃካቶን ደግሞ የምን ማራቶን ነው? በባዶ ሆድህ እንዳትሮጥ!» ብላ ቁርስ ደራረበችልኝ።

የውድድር ጓዴ ሙሉ የምትባል ልጅ ነበረች፤ እዚሁ አቅራቢያችን ኩልመስክ ከተማ የኮምፒውተር አስተማሪ ናት፤ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል። ሐሳቡም የእሷ ነው። ጋሸና መገንጠያ ላይ ፀሐይ የሚያከስለው መንገደኛ ወደ ላሊበላ መኪና መኖር አለመኖሩን በስልኩ ይይ፤ «መኪና አለ» ወይም «መኪና የለም»። በቃ!

ግማሹ ቀን በንግግር አለቀ። ውድድሩን ያዘጋጀው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስለ መብራት መስፋፋት ሲያብራሩ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ እንደምንም ሠርተን ስናቀርብ ኃላፊው ግድግዳው ላይ የበራውን አይተው ፊታቸው ጠቆረ።

«ምንድን ነው ይኼ ‹መኪና የለም›?»

«መኪና ሳይኖር ሲቀር ነው፣ ጌታዬ።»

«ጨለምተኝነት ነው! ልማት እየገሰገሰ ‹የለም› ይባላል? ‹አለ› በሉት!»

ሙሉ «መንገደኛውስ ሜዳ ላይ ይደር?» ስትል በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። ለዚያ ላፕቶፕ እንኳን «የለም»ን፣ የክርስትና ስሜን እቀይር ነበር!

«ቆይ፣ አትቸኩል!» አለችኝ። ማን ሰምቷት! «የለም» ያለበትን ሁሉ በ«አለ» ተካ ብዬ ኮምፒውተሩን አዘዝኩት። መቼም እንደሱ ያለ ታዛዥ የለም፤ ዓይን ሳይጨፈን ተካው።

ኃላፊው ደስ ብሏቸው «እስቲ ‹ስለ ወረዳችን› የሚለውን ክፈቱት» አሉ። ይህን ገጽ ሁላችንም ከጽሕፈት ቤቱ በራሪ ወረቀት ቃል በቃል እንድንገለብጥ ታዘን ነበር። በኩራት ከፈትኩት... ወይኔ! ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል፦

«በወረዳችን ጉቦ አለ። በዘመድ መቀጠር አለ። ባለጉዳይ ማመላለስ አለ። የውሃ ችግር አለ።»

ከዳኞቹ መካከል የነበሩት አዛውንቱ መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና «እሰይ! ጽሕፈት ቤቱ ንስሐ ገባ!» ብለው አጨበጨቡ። አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ።

«አሁኑኑ ይስተካከል!» ብለው ኃላፊው ጮኹ።

ሙሉ እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ተነሣች። «የቱ ይስተካከል ጌታዬ? ጽሑፉ ነው ወይስ ነገሩ?»

ከዚያ በኋላ ስለ ላፕቶፑ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። ሙሉ በማግስቱ «የለም»ን ወደ ቦታው መለሰችው፤ መንገደኛም እየከፈተ ያየዋል። ሽልማቱን ግን የወሰደው የኃላፊውን ፎቶ ገጹን አስሞልቶ የለጠፈው ልጅ ነው። ፎቶውን ሲጫኑት ፈገግ ይላል፤ ሌላ የሚሠራው ነገር የለም።

ለምን ድምፃቸውን ለእሱ እንደሰጡ መሪጌታን ጠየቅኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከቀረቡት ሁሉ ኃላፊውን በትክክል የመሰለው እሱ ነው።»