ሐዲድ ያስነሳው ቤቴ

በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ይባላል። ሴት ነኝና ሚስት የለኝም፤ የርስቱን ብቻ ላውጋችሁ። እኛ የፎገራ ሰዎች መሬት ላይ ቆጣ እንላለን፤ ክረምት ውሃው ወሰኑን እየጠረገብን፣ ጥቅምት ሲጠባ ገመድ ይዘን ጎረቤት ለጎረቤት እንካሰሳለን። እኔም ለአንዲት ክንድ መሬት ስንት ጊዜ ሽማግሌ ፊት ቆሜያለሁ! ተዉት፣ አመሌ ነው።

የልጅ ልጄ ባንችአምላክ ወረታ ላይ አስተማሪ ናት። (ይህን ስናገር ደረቴ ነፋ ይላል፤ ይቅር በሉኝ።) ለትምህርት ቤቷ በዓል ብላ፣ እቤቴ መጥታ፣ ሰፊ ኮምፖርሳቶ ላይ የወደፊቷን ፎገራ አሳንሳ ሠራቻት። ጣና ሰማያዊ ላስቲክ፣ ርብ ወንዝ የመስተዋት ስባሪ። በመሃሉ ከሐሙሲት ተነስቶ በወረታ በኩል ይፋግ የሚገባ ባቡር፣ በባትሪ የሚሄድ። ሐዲዱ ሽቦ ነው፤ ከሥሩ የተረበረበው የክብሪት እንጨት።

ሩዝ መፈልፈያውን ከሐይቁ ዳር ተክላዋለች፤ ያምራል ብላ።

“ልጄ፣ ነሐሴ ላይ እዚህ በታንኳ ነው የሚኬደው። ሩዙ ከነጆንያው ሊዋኝ ነው?” አልኳት።

ሳቀች፤ ግን ነቀለችው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም እንደ እኔ ቃል ሆነ፤ የሽንኩርት መጋዘኑ ነፋስ ወደሚያገኝበት፣ የወተት ፋብሪካው ላሞቹ ወደሚውሉበት፣ ሐዲዱም ውሃ ወደማይደርስበት ጉብታ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ! ፊደል አልቆጠርኩም፤ ውሃው የሚተኛበትን ግን እግሬ ያውቀዋል።

ጉብታው ላይ ማን ተቀምጧል? እኔ። በካርቶን የሠራችው ቤቴ፣ ከነበረቱ።

“ዞሮኝ ይሂድ” አልኩ። አጠማዘዘችው። ባቡሩ መጣ፣ መጣ፣ በረቴ ደጅ ሲደርስ ተገለበጠ። ሦስት ጊዜ። መታጠፊያው በዝቶበታል።

“እምዬ፣ ወይ ባቡሩ ይወድቃል፣ ወይ እርስዎ ይነሳሉ። ነገ እንግዳ አለብኝ” አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

“በታች በኩል ቢያልፍስ?”

“ነሐሴስ? ራስዎ አይደሉ ያሉኝ?”

በገዛ አፌ ታሰርኩ። ቤቴን በሁለት ጣቴ ብድግ አደረግሁና “ምትክ ቦታዬን አሳዪኝ!” አልኳት። ከመፈልፈያው ጎን ሰጠችኝ። ገለባው ሊነፋብኝ? ከሽንኩርቱ ጎን። ሊሸተኝ? በመጨረሻ ከጣቢያው ፊት ለፊት ሲሆን ተስማማሁ፤ በረቱም አብሮኝ መጣ።

በማግስቱ፣ ትምህርት ቤቱ በዓል ላይ፣ ባቡሩ አንዴ እንኳ ሳይንገዳገድ ይፋግ ገባ። ጭብጨባው! ከወረዳ የመጣ አንድ እንግዳ ጎንበስ ብሎ አየና “ሐዲዱ ቀጥ ያለ ነው። ግን ጉብታው ላይ ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ ነዋሪውን እንዴት አሳመናችሁት?” አለ።

ባንችአምላክ ወደ እኔ ጠቆመች። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ።

“ነዋሪዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ማሳመን የሚያሻው ሳይጠየቅ ለቀረ ሰው ነው። ይህን ሐዲድ በቤቴ ላይ ያሳለፍኩት እኔው ራሴ ነኝ!”