ሶናታዎቹ ሰው ሲመርጡ

ትናንት ከምሳ በኋላ እጥፍወርቅ ሕልም አየች። በሕልሟ የኖታ መጻሕፍት መሸጫ ገባች። ሃያ ስድስት ዓመት ፒያኖ ያስተማረች ሴት ናትና በዚያ ሱቅ ውስጥ ግር የሚላት ነገር ይኖራል ብላ አላሰበችም። ተማሪዋ ሶስና ለመመረቂያዋ ሶናታ የሚባል የፒያኖ ድርሰት ትጫወታለች፤ ትምህርት ቤቱ የትኛውን እትም ይግዛ የሚለውን መምረጥ የእጥፍወርቅ ፋንታ ነው። አንደኛው እትም አቀናባሪው እንደጻፈው የተተወ፣ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው አዘጋጁ በየኖታው ላይ በየትኛው ጣት እንደሚመታ የሚያሳይ ቁጥር የሞላበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንዱን ስታነሳ ሌላውን ስትጥል ከርማለች።

ሱቁ ውስጥ ግን መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ነበሩ። መጻሕፍቱ መነጽር አድርገው እየዞሩ ያያሉ።

«መደርደሪያው ላይ ውጪና ቦታሽን ያዢ እንጂ እህቴ፣ ገዢ መጣ!» አላት ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሽበታም ሰው።

ወጣች። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ቀረብ ብሎ እጇን አገላበጠው።

«ጣቶቿ ቁጥር የለባቸውም» አለ ለጓደኛው።

«ንጹሕ ናታ!»

«ወይም ገና አላለቀችም።»

«አስተማሪ ነኝ እኮ!» አለች እጥፍወርቅ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለና ጀርባዋን ኳ ኳ አደረገው። «ስፌቷም ላልቷል።»

ተናዳ ዘላ ወረደችና በሩን በርግዳ ወጣች። መንገድ ላይ እወጣለሁ ስትል ራሷን የፈተና አዳራሽ ውስጥ አገኘችው። ፈታኞቹ የትምህርት ማስረጃቸውን አቅፈው፣ እየተንቀጠቀጡ ተሰልፈዋል። ፒያኖው እግሩን አነባብሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የአንዱን ሽማግሌ የጎን አጥንት ይጫናል፤ ሽማግሌው «ዶ… ሬ…» ይላሉ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የተቀመጠችው ሶስና ነበረች።

«መምህር፣ ዘገዩ። ተራው የእርስዎ ነው።»

«ምን ልጫወት?»

«የመረጡትን።»

ንጹሑን እትም ገለጠች። ኖታዎቹ ከመስመራቸው ወርደው «የየትኛው ጣት ነን? የየትኛው ጣት ነን?» እያሉ እግሯን ከበቧት። ደንግጣ ከደነችውና ሌላውን ገለጠች። በዚያኛው ቁጥሮቹ ሆዳቸውን ነፍተው ተጋድመዋል፤ አንድም ኖታ የለም።

«ኖታዎቹስ?»

«በላናቸው» አለ አራት ቁጥር፣ አፉን እየጠረገ።

ሶስና እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መምህር፣ እኔ እኮ የምጫወተው እርስዎ የመረጡልኝን ነው» አለቻት። ከሁሉም ይልቅ ያስፈራት ይህ ነበር። ያን ጊዜ ልቧ ቆረጠ። እነዚያ ከመስመር የወረዱ ኖታዎች ቢያስቸግሩም ከሶስና ጋር ሆና አንድ በአንድ ትመልሳቸዋለች። «ንጹሑ ይሁን!» ልትል ብትሞክር ድምጿ አልወጣም፤ ፒያኖው ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ባላት ጉልበት ሁሉ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«እናመሰግናለን ወይዘሮ እጥፍወርቅ» አለ አንድ ድምፅ።

ዓይኗን ገለጠች። የትምህርት ቤቱ የግዢ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ናት፤ ለካ እዚያው እንቅልፍ ወስዷት ኖሯል። ሰብሳቢው አቶ ገረመው ፈገግ ብለው ያይዋታል። የአራቱም የኮሚቴ አባላት እጅ ተነስቷል፤ የእሷም ጭምር።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ።

ጠረጴዛው ላይ አይታው የማታውቀው ስስ መጽሐፍ ተቀምጧል። ብድግ አድርጋ ሽፋኑን አነበበች፦ «ሶናታዎች፣ ለሕፃናት አጥረውና ቀለው የቀረቡ።»

«ይሄ… ይሄ ከየት መጣ?»

«ሥዕልም አለው እኮ!» አሉ አቶ ገረመው ደስ ብሏቸው። «እውነቱን ለመናገር እኛ ስለ ሙዚቃው ስለማናውቅ ፈርተን ነበር። እርስዎ ቀድመው እጅዎን ሲያወጡ ነው ደፍረን ያወጣነው።»