አሥራ አራተኛው ባትሪ

በየቤተሰቡ ለክፉ ቀን ብቻ የተፈጠረ አንድ ሰው አለ። ክፉው ቀን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ዣንጥላ ይዞ ይወጣል፤ ዣንጥላው ቢሰበርስ ብሎ ሌላ ዣንጥላ ይደርባል። ክራቫት አስሮ ኪሱ ውስጥ ሌላ ክራቫት ይከታል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ቤተሰብ አለ የምትሉኝ ከሆነ በደንብ አልፈለጋችሁም ማለት ነው።

የእኛ ቤት ባለማዕረግ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው፤ ለሁላችንም ክቡር ጋሽ ምናልባት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። «ምናልባት ብሎ ያልተነሳ ወይኔ ብሎ ይቀመጣል» ይላሉ። አባባሉን ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ «ከሊፍት ውስጥ» ነው መልሳቸው።

ቤታቸው ውስጥ እያንዳንዱ አምፖል አጠገቡ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ወራሽ አለው። የበራቸው ቁልፍ ትርፉ እኛ ጋ፣ የትርፉ ትርፍ ጎረቤት ጋ፣ የዚያ ትርፍ ደግሞ የጎረቤት አማት ጋ ይገኛል። አንድ ቀን በሩ ተቆልፎባቸው ሦስቱም ቁልፎች ሲሰበሰቡ፣ ለካስ መቆለፊያው ከተቀየረ ዓመት አልፎታል። እህቴ ትልቁን ፈተና የወሰደች ቀንማ የሆነው አይነገርም። ስድስት እስክሪብቶ መያዛቸው ደግ ነበር። ምናልባት ብትታመም ብለው ግን የጎረቤትን ልጅ ቀስቅሰው ይዘዋት መጡ። ፈታኙ በትሕትና መለሳት።

ባለፈው ወር አንድያ ልጃቸው ሠርጓ ደረሰ። የምትኖረው በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ሲሆን፣ ሠርጉ ከሰዓት በኋላ፣ በረራው ደግሞ ጠዋት አንድ ብቻ ነው። «አባዬ፣ እጄን ይዘህ ካላስገባኸኝ አልገባም» ብላቸዋለች። እኔ ባለቤቴ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ስለነበር ሸኚ ሆኜ ቀረሁ።

አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሻንጣ የምትቀበለው ልጅ እንደ ልማዷ ጠየቀች።

«አባባ፣ ሻንጣው ውስጥ ትርፍ ባትሪ አለ? የካሜራ? ፓወር ባንክ?»

ሌላ ሰው ቢሆን የለም ብሎ ያልፋል። ጋሽ ምናልባት ግን ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩ ነው የሚመስሉት። «አለ እንጂ የኔ ልጅ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «አሥራ አራት።»

«ትርፍ የሊቲየም ባትሪ እዚህ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። ታች ዕቃ ክፍል ቢቀጣጠል የሚያየው የለም። ላይ ከሆነ ሠራተኞቹ ወዲያው ይደርሱበታል።»

ቅር ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው እቴ፣ ተማሪው እንደጎበዘለት መምህር ደስ አላቸው። የሁሉንም ባትሪ ጫፍ በናስትሮ አሽገው ለየብቻው በላስቲክ ከተዋል። ችግሩ፣ ባትሪ ውድ ነገር ስለሆነ በእጅ መንጠልጠል አይገባውም ብለው ነው ሻንጣ ውስጥ ያደረጉት። ደግሞም ምናልባት የሻንጣው አንድ ጎን ቢቀደድ ሌላው ጎን ይትረፍ ብለው በትነው አስቀምጠዋቸዋል።

ሻንጣው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። አንዱ ከካልሲ ወጣ፣ ሁለቱ ከጫማ፣ አንዱ ከመላጫ ቦርሳ። የሠርጉ ሱፍ ወጣ፤ ሱፉ ቢበላሽ የሚለበሰው ሱፍም ተከተለ። ሰልፈኛው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ግን አብሮን መቁጠር ጀመረ። ባትሪው አሥራ ሦስት ላይ ቆመ።

«ልንዘጋ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን አባባ» አለች ልጅቷ።

ሁለተኛ በረበርን። ሦስተኛ በረበርን። አሥራ ሦስት። ጆሯቸው ላይ ጠጋ አልኩ። «ጋሼ፣ ሁሉም ወጥቷል ይበሏትና ይሂዱ።»

«እሷንስ እላታለሁ» አሉኝ። «ባትሪውን ምን ልበለው?»

«የልጅዎ ሠርግ ነው እኮ።»

«ስማ አንተ ልጅ። ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ አሥር መፍቻ ይዤ ከወረድኩ አሥር ይዤ ነው የምወጣው። ዘጠኝ ከሆነ ያ ሊፍት አይነሳም። ሰው ነው የሚሳፈርበት።»

ሰዓታቸውን አዩ። ሁለቱን ሱፎች አዩ። ከዚያ ሻንጣውን ዘግተው ወደ እኔ ገፉት። «ይሄ ይቅር፤ ያለበት ያልታወቀ ባትሪ በእጅም ቢሆን ሰው መሐል አይሳፈርም» አሉ። ዳቦ ሊገዙ እንኳ ያለ መጠባበቂያ ወጥተው የማያውቁት ሰው፣ አሮጌ ሹራባቸውን እንደለበሱ አሥራ ሦስት ባትሪ በፌስታል አንጠልጥለው ወደ ፍተሻው ሄዱ።

ገና መኪና ውስጥ ሳልገባ ደወሉ። «ሻንጣውን ቤት እንዳታስገባው። ግቢ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ አድርገውና ባትሪውን ፈልግ።» ሊሳፈሩ ሲሉም ደገሙ። «ከመጋረጃ አርቀው። ባለቤትህ አጠገቡ እንዳትደርስ።» እሺ አልኩ። ሻንጣውን ሲሚንቶ ላይ አስቀመጥኩና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገብቼ ጋደም አልኩ።

የቀሰቀሰኝ የሙሽራዋ ስልክ ነው።

«አገኘኸው?»

«ምኑን?»

«ባትሪውን ነዋ! አባዬ እጄን ይዞ አስገብቶኛል፣ በሹራቡ። ፊርማውም አልቋል። አሁን ምግብ ቀርቧል፣ እሱ ግን ባትሪው ሳይገኝ አልቀመጥም ብሎ ቆሟል። እሱ ቆሞ ደግሞ አማቶቼ እንዴት ይቀመጡ? እነሱ ካልተቀመጡ ሌላው እንዴት ይቀመጥ?»

«ስንት ሰው ነው የቆመው?»

«ሁለት መቶ።»

ስልኩን ሳልዘጋ በባዶ እግሬ ወደ ግቢ ሮጥኩ። ባለቤቴ ሆዷን ደግፋ ከበሩ ላይ «እጅጌውን እየው፣ ገበሩን እየው» ትለኛለች። በመጨረሻ የመጠባበቂያው ሱፍ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ፣ መሐረቡም በሌላ መሐረብ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

«ተገኘ!» አልኩ። ስልኩን ጋሼ ተቀበሏት።

«ናስትሮው አለ?»

«አለ ጋሼ።»

«አላበጠም? አልሞቀም?»

«ደህና ነው።»

«ባለቤትህስ የት ናት?»

«በሩ ላይ።»

«ወደ ውስጥ አስገባት። በል፣ አንተም እጅህን ታጠብ።»

ስንት ዓመት ስቄባቸዋለሁ፤ ነገም እስቃለሁ፣ ልማድ ነው። ግን ለእኔ፣ ለባለቤቴና ገና ላልተወለደው ልጃችን ብሎ የገዛ ልጁን ሠርግ በቁሙ ያቆየ ሌላ ሰው የለኝም። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ በስልኩ ውስጥ ሁለት መቶ ወንበር አንድ ላይ ሲሳብ ሰማሁ።