ስም ያልተጠራበት ዶሮ

ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ሰው ሁሉ ቢላዋም አጥብቆ ይይዛል ያላችሁ ማነው? ማንም ይሁን፣ ዛሬ ጠዋት የእኔን ጓሮ አላየም።

ስሕተቴን ሳልቀባባ ልንገራችሁ። ለፍልሰታ ጾም መፍቻ፣ የነፍስ አባቴ ለሚቀመጡበት ማዕድ፣ አሰላ ውስጥ «እግዚአብሔር መኖሩን አላምንም» ብሎ በአደባባይ የተናገረውን ብቸኛ ሰው ጠርቼ ዶሮ አሳረድሁ። ጥፋቴ ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር… ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

አስቀድሜ አንድ ምስጢር። ሽብሩ ተብዬ፣ ይህን የሚያህል ጢም አሳድጌ፣ በዕድሜዬ ዶሮ አርጄ አላውቅም። ደም ማየት አልችልም። በአገራችን ደግሞ ሴት ዶሮ አታርድም፤ ባሏ ቤት የሌለ ሴት በር ላይ ቆማ «ወንድሜ፣ እባክህ ይህችን ዶሮ» እያለች አላፊ አግዳሚውን ትለምናለች። ባሏ ቤት ተቀምጦ የምትለምን ሴትማ እናንተው ፍረዱ! ባለቤቴ የሺ እንዲያ እንዳትዋረድ ሃያ ዓመት ሙሉ በዘዴ ኖርሁ። ዶሮውን አንጠልጥዬ፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ፣ እየፎከርሁ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ አሉ። አንድ ጊዜ አፏጫለሁ። ዶሮው ከነነፍሱ አጥር ይሻገራል፣ ታርዶ ይመለሳል። እኔም ጀግና ሆኜ እገባለሁ።

ዛሬ አፏጨሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ባፏጭ የሃምሳ አለቃ ውሻ ብቻ ብቅ አለ። ለካ ሰውዬው ልጃቸው ወልዳ ትናንት በቆጂ ሄደዋል።

እንግዲህ አስቡት። ጭጋጉ የጭላሎን ተራራ ውጦ አጥሬ ድረስ ወርዷል። ከውስጥ ሽንኩርቱ እየተቁላላ የሺ ውሃው ፈልቷል እያለች ትጣራለች። የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ጻድቅ ለምሳ ይመጣሉ። ዶሮው በአንድ ዓይኑ ትክ ብሎ ያየኛል፤ እኔ በሁለቱም ላየው አልቻልሁም።

በአጥሩ በኩል መጀመሪያ ያለፉት ባለሱቁ ሐጂ ሸምሱ ናቸው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው። «አካም ቡልቴ፣ አቶ ሽብሩ» አሉኝ። «ነጋያ» አልሁ፣ ቢላዋውን ከጀርባዬ ደብቄ። ከሐጂ ጋር ያልተካፈልነው ነገር የለም፤ ሐዘን አብረን ተቀምጠናል፣ ሰርግ አብረን ደግሰናል። ሥጋ ግን የየራሳችን ነው። እሳቸው ያረዱትን እኔ አልበላም፤ እኔ ያረድሁትን (ሃምሳ አለቃ ያረዱትን ማለቴ ነው) እሳቸው አይበሉም። ስለዚህ ደህና ይዋሉ ብዬ ሸኘኋቸው።

ቀጥሎ የመጣው መምህር ኪዳነ ማርያም ነው። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመድቦ የመጣ የሂሳብ አስተማሪ፤ ዘመድ የለው፣ ሚስት የለው፣ ቤቱ ከመጽሐፍ በቀር ምንም የለ። ስሙን ብትሰሙ ቄስ ይመስላችኋል፤ አላምንም ያለው ግን እሱ ነው። ባለፈው እሑድ እድራችን ልግባ ብሎ ሲያመለክት ተነስቼ የተቃወምሁትም እኔ ነኝ። እንዴት ያለ ንግግር መሰላችሁ! «እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰው ከመዋሸት ምን ያግደዋል?» ብዬ ከዘራዬን መሬት ላይ ተከልሁ። ተጨበጨበልኝ። ነገሩም አባ ወልደ ጻድቅ ይፍረዱት ተብሎ አደረ። በሰው አገር እድር የሌለው ሰው ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት ድንኳን የሚተክልለት የለውም። ያን ጊዜ ይህ ትዝ አላለኝም። ጭብጨባ ጆሮ ይደፍናል።

ይህንኑ ሰው ነው አሁን «ኪዳነ ማርያም፣ ልጄ፣ ድረስልኝ» ያልሁት።

ዶሮውን አየ፤ ቢላዋውን አየ፤ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ እኔ መሆኔን አውቀዋል?»

«ወንድ መሆንህ ይበቃል። ቶሎ በል።»

«እሺ። ግን የማላምንበትን ቃል ከአፌ አላወጣም። ስሙን እርስዎ ይጥሩ፣ እኔ ልቁረጥ።»

የሥራ ክፍፍሉ አማረኝ። ቢላዋው ከማያምነው፣ ቃሉ ከሚያምነው! ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ፣ ዓይኔን ጨፈንሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በስመ አብ ማለት እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ስነሳ ስተኛ፣ ሳዛጋ ሳነጥስ የምለው ነው፤ በእንቅልፌም አልስተውም። ዶሮው ተንፈራገጠ፤ አንዲት ሙቅ ጠብታ እጄ ላይ አረፈች። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ወይኔ እናቴ!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ዓይኔን ስገልጥ አንገቱ መሬት ላይ ነው። መምህሩ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ጨረሱ?» አለኝ።

ሐጂ ለካ አልሄዱም፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው በአጥሩ ቀዳዳ ያያሉ። «አቶ ሽብሩ፣ ይህ ዶሮ ለእኛ አይሆን፣ ለእናንተ አይሆን…» አሉና ጺማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲህ የመንግሥት ነው።»

መምህሩን ክንዱን ይዤ ዝም እንዲል ለመንሁት። ሳልጠየቅ አልናገርም፣ ከተጠየቅሁ ግን አልዋሽም አለኝ። ጠያቂው ማን ሊሆን ነው ብዬ ተጽናናሁና ዶሮውን አንጠልጥዬ እየፎከርሁ ገባሁ። ልማድ ነው። ስም ያልተጠራበት ሥጋ ለነፍስ አባት ማቅረብ ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ሲገነጠል ለየሺ እነግራታለሁ፣ ሲታጠብ እነግራታለሁ፣ እንቁላሉ ሲገባ እነግራታለሁ… እያልሁ ወጡ ደረሰ።

በስድስት ሰዓት አባ መጡ። ከኋላቸው ማን ቢገባ ጥሩ ነው? የሺ ደግ ሴት ናት፤ መምህሩን ዝናብ ሲመታው አይታ፣ በጾም ፍቺ ቀን ማን ብቻውን ይበላል ብላ ጠርታዋለች!

ማዕዱ ቀረበ። አባ ሊባርኩ እጃቸውን አነሱና አየር ላይ አቆሙት። ዓይናቸው የመምህሩ እጅጌ ላይ አርፏል።

«ልጄ፣ ደም አያለሁ። ተጎዳህ እንዴ?»

«የለም፣ አባ። የዶሮ ነው።»

«የየትኛው ዶሮ?»

መምህሩ ወጡን አየ፤ እኔን አየ። «ጋሼ ቢነግሩዎት ይሻላል» አለ። አልዋሸም፤ አላሳጣኝምም። መውጫውን ለእኔ ተወልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ተናገርሁ። ከፉጨቱ ጀምሬ እስከ አንገቱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የእኔው በሦስት ሰዓት ውስጥ ጠራ። አባ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ታዲያ በማን ስም ታረደ?» አሉኝ።

«በእናቴ፣ አባ።»

«ነፍሷን ይማር» አሉና ወደ የሺ ዞረው ሽሮ ይኖር እንደሆነ ጠየቋት። ሁለት ሳምንት በሽሮ ጾመን በሽሮ ፈታን።

እዚያ ቤት ውስጥ ያን ዶሮ እንዳይበላ የሚከለክለው ሕግ የሌለበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሺም ፈረሰኛውን፣ ያን የክብር ብልት፣ አውጥታ ልታቀርብለት ስትል እጇን በእርጋታ መለሰ። «አብሬ ከተቀመጥሁት ሰው ተለይቼ አልበላም» አለና ከእኛው ጋር ሽሮ ቆረሰ። አሥራ ሁለቱን ብልት የሃምሳ አለቃ ውሻ ወሰደው፤ ሃይማኖቱን እስካሁን የጠየቀው የለም።

አባ እጃቸውን ታጥበው ወደ እኔ ዞሩ።

«ከመዋሸት ምን ያግደዋል ያልኸው ይህንን ሰው ነው?»

«ነው፣ አባ።»

«መልሱን አገኘህ?»

«እሱን ምን እንዳገደው አላወቅሁም። እኔን ምንም እንዳላገደኝ ግን አየሁ።»

አባ እድሩ ይግባ ብለው ፈረዱ። ለመምህሩም እጸልይልሃለሁ ሲሉት፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ይጸልዩልኝ፣ አይጎዳኝም አለ። ሁለቱም ሳቁ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አባ በሩ ላይ ሲደርሱ እድሩ የማይዋሽ ገንዘብ ያዥ ቢኖረው መልካም ነው፣ መምህሩን አስቡበት ብለው ወጡ። ገንዘብ ያዡ እስከ ዛሬ ምሳ ድረስ እኔ ነበርሁ።

የሺን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። እሷ ግን ሌማቱን እየከደነች፣ «ሃያ ዓመት ሲያርዱ አንድ ቀን እጅዎን ደም ነክቶት አያውቅም» አለችኝ። «እኔማ እንደ ሁልጊዜው ሃምሳ አለቃ ናቸው ብዬ ነው የሠራሁት።»

አባ አርባ ስግደት አዘውብኛል፤ ጉልበቴ እያጉረመረመ ሰባት አድርሻለሁ። የከበደኝ እሱ አይደለም፤ የመምህሩ ፈረሰኛ ነው። በር ላይ ይዤው እክስሃለሁ ስለው፣ ሌላ ዶሮ ይግዙ፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እርስዎ ግን እስከዚያ ቃሉን ይለማመዱ ብሎኝ ሄደ።

ይህን ስጽፍላችሁ የሺ ለእራት ሽንኩርት ትከትፋለች። ቢላዋዋ በወረደ ቁጥር በስመ አብ እላለሁ። ዓይኔ ያነባል፤ ግን አልጨፈንሁትም። ሽንኩርቱ ሁሉ ተባርኳል… የመምህሩ ፈረሰኛ ገና ዕዳዬ ነው።