አራት ዛፎችና አንድ ፈጣን መልስ

ጋሽ ወልደሚካኤል አራቱን የቀፎ ዛፎቻቸውን በገዛ እጃቸው የቆረጡት በመጋቢት ወር፣ የግድቡ ውሃ በጎደለበት ሰሞን ነው። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ምክንያቱን የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ።

ብዙ ሰው ጋዜጠኛ ጠያቂ ይመስለዋል። እኔ በዚህ ሥራ ስኖር ያየሁት ጋዜጠኛ ግን መልስ ሰጪ ነው። ባጃጅ ላይ ሲሳፈር ሾፌሩ ስለ ዶላር ይጠይቀዋል። ለቅሶ ቤት ሲገባ ስለ ምርጫ ይጠየቃል። «አላውቅም» ካለ የደበቀ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ይመልሳል። እኔ ደግሞ ስሜት የማይነዳኝ፣ መረጃ ብቻ የማምን ሰው ነኝ ብዬ ስለምኮራ መልሴ ከሌላው ፈጠን ይላል።

ዘመኑ የግድብ ዘመን ነበር። ቦንጋ ላይ አዳራሹ ውስጥ «አረንጓዴ ልማት» የሚል ባነር ሳይሰቀል የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። መብራት ስለሚሄድ ባነሩን የምናነበው በመስኮት በሚገባው ብርሃን ነው። ታዲያ ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ፣ ስሙን ልተወውና፣ አንድ አነስተኛ የመብራት ግድብ ተሠራ። ውሃው ከመሙላቱ በፊት የሚዋጠው ጫካ ይመንጠር ተባለ። ሁሉም እሺ አለ። ጋሽ ወልዴ እምቢ አሉ።

እምቢታቸው እንዲገባችሁ የካፋን የጫካ ሥርዓት ትንሽ ላስረዳ። ጫካው የማንም አይመስልም እንጂ ባለቤት አለው። ኮቦ ይሉታል፤ አንድ ቤተሰብ ቀፎውን የሚሰቅልበት፣ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ፣ ሌላ ሰው የማይደርስበት ድርሻ ነው። ጋሽ ወልዴ እንደሚሉት ዛፉ እስከቆመ ድርሻው የቤተሰቡ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ቆርጦ ከጣለው ግን አበቃ። ሌላም ይጨምራሉ። ዛፍህ ወድቆ የጎረቤትህን ቀፎ ቢሰብር ጥፋተኛው ነፋሱ አይደለም፣ አንተ ነህ።

የእሳቸው ድርሻ ሁለት የቀረሮና ሁለት የጌተም ዛፍ ነበር፤ አያታቸው የተዉላቸው፣ ደካ ከተማ ለምታስተምረው ልጃቸው ለአስቴር ሊያወርሱ ያሰቡት። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ «እኔን ሽማግሌ ልኮ ነው ያመጣኝ፤ ዛፎቹን ግን ወዶ ነው ያገባ» እያሉ ያሙዋቸዋል። መንጣሪዎቹ ሲመጡ ጋሽ ወልዴ ትልቁ ቀረሮ ሥር ቁጭ አሉና «ውሃ መጥቶ ይሄዳል፣ ዛፍ ግን ይቆያል» ብለው አልነሳም አሉ። ሁለት ቀን ተጠበቁ። በሦስተኛው ቀን የመንጣሪዎቹ አለቃ ሰለቸውና አራቱን ዛፎች ትቶ ሄደ።

ውሃው መጣ። አልሄደም። ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ሰመጡ፣ ቅጠላቸው ረገፈ፣ ንቦቹም ጥለው ሄዱ። ጋሽ ወልዴ ብቻ ቀሩ። በየሳምንቱ ከውሃው ዳር ቆመው፣ ሰው ታማሚ እንደሚጠይቅ፣ ዛፎቻቸውን ይጠይቁ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሰብለ የምትባል ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። በጀልባ ሆና ጃንጥላ የሚመስል ነገር ውሃው ውስጥ ትዘረጋና ከሥር የሚወጣውን አረፋ አናቱ ላይ ባሰረችው ጠርሙስ ትይዛለች። እኔም ልዘግብ ሄድኩ። በቀላሉ አስረዳችኝ። ውሃ የዋጠው ተክል አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ በአረፋ ወደ ላይ ወጥቶ ምድርን ያሞቃል፤ ስለዚህ የግድብ መብራት ምንም ጭስ የለውም የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። «ጭሱ ከውሃው በታች ነው» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ርዕስ አገኘሁ ማለት ነው። ርዕስ ያገኘ ጋዜጠኛ ደግሞ የቀረውን መስማት ያቆማል።

ሰብለ በጀልባዋ ራቅ ስትል ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ መጡ። በቀረሮው ዙሪያ የሚፍለቀለቀውን አረፋ በከዘራቸው አሳዩኝ። «አየህ? እየተነፈሱ ነው። ሞቱ ያሉኝ ሁሉ አፈሩ!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሰብለ እስክትመለስ እንጠብቅ ማለትም ይቻል ነበር። እኔ ግን መለስኩ። ትንፋሽ አይደለም፣ መበስበስ ነው አልኳቸው። ከእርስዎ ዛፎች የሚወጣው ጋዝ አየሩን ያበላሻል፣ ሩቅ አገር ላለ ሰው ሳይቀር ሙቀት ይጨምራል ብዬ አብራራሁ። መጀመሪያ ቀለዱብኝ። «አንተ፣ ለጋዜጣህ ወረቀት ስንት ዛፍ በልተህ ነው የኔን አራት የምትከሰው?» ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ትተው ከኔ ዛፎች መሆኑን እርግጠኛ ነህ ወይ አሉኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። «የማላውቀው ሰው ቤት ድረስ ይደርሳል?» ይደርሳል አልኩ። ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

የቀረውን የነገሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ውሃው ሲሸሽ ሰውየው መጥረቢያ ተውሰው ወረዱ። «አብደሃል ወይ? ለአስቴር ምን ልትሰጣት ነው?» ብለው እትዬ አስካለ ጮኹባቸው። መልሳቸው አንድ ብቻ ነበር፤ «ዛፉ የኔ ከሆነ ጥፋቱም የኔ ነው።» እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ቆረጡ። ላግዝ ያለውን ጎረቤት ሁሉ መለሱ። ግንዱ ከነቅርንጫፉ እዚያው ቀረ፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ሸፈነው።

በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልወቀሱኝም። «አሁን አየሩ ተሻለው?» ብቻ አሉኝ። ተሽሎታል አልኩ። ታሪካቸውን ጻፍኩት፤ ጥሩ ጽሑፍ ወጣው። ቦንጋ ላይ በተደረገ ወርክሾፕ ተነቦ ተጨበጨበ፤ ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋፋ ተባለ።

በዓመቱ ቢሮ ስንቀይር መሳቢያዬን ሳራግፍ አንድ ትልቅ ፖስታ አገኘሁ። የሰብለ ሪፖርት ነው። አረፋው በዋናነት የሚመጣው ከሥር ከተኛው ቅጠል፣ ሣርና አፈር ነው ይላል። ቀረሮዎቹ አጠገብ የበዛው ውሃው እዚያ ጥልቀት ስለሌለው ነው። ቆመው የሰመጡ ወፋፍራም ግንዶች የሚበሰብሱት እጅግ ቀስ ብለው ስለሆነ ድርሻቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ምክር አለ። ዳር ላይ ያሉት አራት ዛፎች እንዳይነኩ፤ ቢቆረጡ እስካሁን ከውሃው በላይ የነበረው ቅርንጫፋቸው ሰምጦ ጋዙን ይጨምራል ይላል።

ፖስታው የተላከው በእኔ ስም ነው። ማኅተሙ የካቲት ይላል፤ መጥረቢያው ሊነሳ ወር ሲቀረው። ሳይከፈት ነው መሳቢያዬ ውስጥ የኖረው።