የዛማሌኳ ጣውንቴ

ሌላዋ ሴት በሴት ትቀናለች፤ እኔ የምቀናው እዚህ ካይሮ፣ ዛማሌክ ባለች አንዲት ካፌ ነው። ምን ላድርግ? ባሌ ደረጀ እቤት ቡና ሳቀርብለት «እንቅልፍ ይነሳኛል» ይላል። እዚያ ግን የቀረፋው ሽታ፣ ደብዛዛው መብራትና ለስላሳው ሙዚቃ አፍዘውት ሁለት ስኒ ይጨልጣል፤ ኬክም ያስከትላል። ሽታ ባል ይቀማል ቢሏችሁ ታምናላችሁ?

እኔስ ምኔ ሞኝ! አንድ ቀን ቀረፋ ገዝቼ ቡናው ውስጥ አፈላሁ፤ ትልቁን መብራት አጥፍቼ ትንሿን አበራሁ፤ ለስላሳ ካሴት ከፈትኩ። ደረጀ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«እንዴት ደስ ይላል!» አለ። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ካፌዋ አማረችኝ። በይ ተነሺ፣ እንሂድ!»

እየተንጨረጨርኩ ተከተልኩት። ከሁሉ የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? እኔም ሁለት ጠጣሁ።